ለሐዋሳ የጌም ውድድር አዘጋጆች፦ ያቺን አንድ መስመር ሰርዙልን

ግልጽ ደብዳቤ

በሐዋሳ ከተማ የኮምፒውተር ጌም ውድድር ለምታዘጋጁ፣ አዳራሽ ለምትፈቅዱና ስፖንሰር ለምትሆኑ ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ።

በቅርቡ እዚሁ ከተማችን ውስጥ አንድ የካውንተር ስትራይክ 2 ውድድር ነበር። የእህቴ ልጅ ተመዝግቦ፣ መመዝገቢያውን ከፍሎ፣ «ኮምፒውተራችሁን ይዛችሁ ኑ» ስለተባለ ላፕቶፑንና ሞኒተሩን ተሸክሞ ሄደ። እኔም አጃቢ ሆኜ ተከተልኩ። ልጁ ተቀመጠ፣ ኬብሉን ሰካካ፣ ማውሱን ሁለት ሦስት ጊዜ ወዲያ ወዲህ አንሸራተተ። ሞኒተሩ በሰከንድ 144 ጊዜ (በ144 ሄርዝ) ምስል የሚያድስ ነው፤ ላፕቶፑ ግን በ60 ነው ያስነሳው። ስለዚህ እንደ ልማዱ ተርሚናል የሚባለውን የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት ከፈተ፣ አንድ መስመር ጻፈ፣ ኢንተር መታ። ጥቁሩ መስኮት ላይ ነጭ ቁጥር ተዘረገፈ። ዳኛው ለካ ከኋላው ቆሟል።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ሄርዙን እያስተካከልኩ።»

«ይሄ ዊንዶውስ አይደለም እንዴ?»

«ሊኑክስ ነው።»

«ሀክ ማድረጊያው?»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ጥፋቴ እሱ ነው፣ አምናለሁ። ዳኛው ፊቱ ተለዋወጠ፤ ደንቡ የተጻፈበት ወረቀት መጣ። እውነትም አለች፦ «ተወዳዳሪዎች ዊንዶውስ የተጫነበት ኮምፒውተር ይዘው መቅረብ ይኖርባቸዋል።» ብሩ ወዲያው ተመለሰልን፤ በዚያ በኩል ቅሬታ የለኝም። በባጃጅ ስንመለስ ልጁ ሞኒተሩን እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አቅፎ እስከ ሰፈር ድረስ ቃል አልወጣውም።

የምጽፍላችሁ ስለዚያች መስመር ነው። ዳኛውን ለመክሰስ አይደለም። እሱ ጨዋ ሰው ነው፤ የተሰጠውን ወረቀት ነው ያስፈጸመው። መስመሯንም ማንም አስቦ የጻፋት አይመስለኝም። ከሌላ ውድድር ደንብ ላይ ተገልብጣ የመጣች ትመስላለች። ችግሩ፣ ያን ቀን የተጫወቱት ጌም ዊንዶውስ የማይፈልግ መሆኑ ነው። ሊኑክስም እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን የሚያሠራ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ካውንተር ስትራይክ 2 እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ሲወጣ ሠሪው ቫልቭ ራሱ የሊኑክሱን ቅጂ አብሮ አውጥቶታል። ዶታ 2 የሚባለው ሌላው የቫልቭ ጌም ደግሞ ከ2013 ጀምሮ በሊኑክስ ይሠራል። ማታለል የለበትም፣ ስርቆት የለበትም። የጌሙ ባለቤት የፈቀደውን የእኛ አዳራሽ ከለከለ።

እኔ ማን ነኝ? ፒያሳ አካባቢ ስምንት ኮምፒውተርና ሁለት ፕሌይስቴሽን ያላት ትንሽ ጌም ቤት አለችኝ። ቀን ቀን ሲቪ ፕሪንት አደርጋለሁ፣ ማታ ማታ የልጆች ጩኸት እሰማለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስምንቱም ኮምፒውተሮች ዊንዶውስ ነበሩ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ስምንቱም ክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልባቸው የተከፈቱ ነበሩ። ከስክሪኑ ታች በቀኝ በኩል «ዊንዶውስን አክቲቬት ያድርጉ» የምትል ግራጫ ጽሑፍ አለች፤ ጌም ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ያውቃታል። አንዱ ደንበኛዬ «ጠላት ከጽሑፏ ኋላ ተደብቆ ነው የገደለኝ» ብሎ ሂሳብ አልከፍልም ብሎኝ ያውቃል። ከፍሏል በኋላ፣ ግማሹን።

ከዚያ የከፋው ፍላሹ ነበር። አንድ ሰው ሲቪውን ሊያትም ፍላሽ ይሰካል። በነጋታው ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ያድራል። በሦስተኛው ቀን ስምንቱም ኮምፒውተሮች ታመዋል። ቅዳሜና እሁድ ገበያ በሚደራበት ሰዓት እኔ ፎርማት አደርጋለሁ። ክራኩ ራሱ ምን ይዞ እንደመጣ ደግሞ ማን ያውቃል? ደንበኞቼ እኮ የስቲም (ጌም የሚገዛበትና የሚከፈትበት የቫልቭ መድረክ) አካውንታቸውን የይለፍ ቃል የሚያስገቡት እዚያ ላይ ነበር። አንድ ልጅ ስንት ወር የለፋበት አካውንት ተሰርቆበት እፊቴ ሲያለቅስ አይቻለሁ። በእኔ ኮምፒውተር ይሁን በሌላ ቦታ ዛሬም አላወቅኩም፤ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ በአንዷ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ ሚንት ጫንኩ። ለሙከራ ነበር። በአንድ ወር ውስጥ ልጆቹ ያቺን ኮምፒውተር መሻማት ጀመሩ፤ ምክንያቱም እሷ አትታመምም። ዋጋውም ዜሮ ነው፤ የተሰረቀ ዜሮ ሳይሆን የተፈቀደ ዜሮ። ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል ፊንላንዳዊ ተማሪ ነው። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ማንም ያያል፣ ማንም ያስተካክላል፣ ማንም ይጭናል። ሰርተፊኬትም ፈቃድም አልጠየቀኝም።

ሌሎቹን ያስቀየረኝ ማይክሮሶፍት ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ አበቃ። ወደ 11 እንለፍ ስንል ደግሞ «ቲፒኤም 2.0» የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ የኢንቴል ፕሮሰሰር ከሆነ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ መሆን አለበት። ከስምንቱ ኮምፒውተሮቼ ስድስቱ አያልፉም። ደህና ግራፊክስ ካርድ አላቸው፣ ራም አላቸው፣ ጌም ያስነሳሉ፣ ግን አያልፉም። ዛሬ በኮምፒውተር ዋጋ ስድስት አዲስ ልግዛ ብል ቤቱን ዘግቼ ጀበና ቡና ብከፍት ይሻለኛል። የከተማችን ጌም ቤቶች የሚበዙት ተመሳሳይ ዕድሜ ያላቸውን ኮምፒውተሮች ነው የሚያሠሩት። «ዊንዶውስ ብቻ» ስትሉ እንግዲህ ወይ አዲስ ግዙ፣ ወይ በክራክ ቀጥሉ ማለታችሁ ነው። ሁለተኛውን አስባችሁ እንዳልተናገራችሁት እርግጠኛ ነኝ።

«ለዊንዶውስ የተሠራ ጌም በሊኑክስ እንዴት ይነሳል?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ለደንበኞቼ የምነግራቸውን ልንገራችሁ። ገበያ ሂዱ። ከገጠር የመጣች እናት ሲዳምኛ ብቻ ትናገራለች፣ ገዢው አማርኛ ብቻ። መሃል ላይ ሁለቱንም የሚያውቅ ልጅ ይቆማል። ልጁ ፈጣን ከሆነ ዋጋው ይቆረጣል፣ ዕቃው ይመዘናል፣ ሁሉም ወደ መንገዱ ይሄዳል። ያ ልጅ ፕሮቶን ይባላል። ቫልቭ እ.ኤ.አ. በ2018 ነው ያወጣው። መሠረቱ ከ1993 ጀምሮ ሲሠራ የኖረው ዋይን የሚባል ፕሮግራም ነው። ጌሙ በዊንዶውስ ቋንቋ «ይህን ሣልልኝ» ሲል ፕሮቶን ቮልካን ወደሚባለው ወደ ሌላው የግራፊክስ ቋንቋ ገልብጦ ለካርዱ ይነግረዋል። በ2022 ለገበያ የቀረበችው ስቲም ዴክ የምትባለው የእጅ ጌም መጫወቻ በዚሁ መንገድ ነው የምትሠራው። ሆዷ ውስጥ ያለው ሊኑክስ ነው። ገዝቶ «ዊንዶውስ የለውም» ብሎ የመለሳት ደንበኛ አላጋጠመኝም። እርግጥ ነው፣ እዚህ የገዛም አላጋጠመኝም።

ካውንተር ስትራይክ 2 ግን አስተርጓሚም አያስፈልገው። አፉን የፈታው በሊኑክስም ጭምር ነው።

እንከን የለውም አልልም። ጌሙ መጀመሪያ ሲከፈት «የቮልካን ሼደር በማዘጋጀት ላይ» እያለ አቦል ተቀድቶ እስኪጠጣ ያስጠብቃል። አንዷ ኮምፒውተሬ ላይ ከዊንዶውሱ ይልቅ በሰከንድ ጥቂት ፍሬም ይጎድለዋል። የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ማንቀሳቀሻ ፕሮግራም (ድራይቨር) አንድ ሳምንት አናቴን አዙሮታል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሊኑክስም ዊንዶውስም እኩል ናቸው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ፤ ይህን ካልተናገርኩ ደብዳቤዬ ግማሽ እውነት ይሆናል። በሊኑክስ የማይነሱ የውድድር ጌሞች አሉ፤ ትልልቆቹም ውስጥ አሉበት። ቫሎራንት አይነሳም። ፎርትናይት አይነሳም። የኮምፒውተሩ ፐብጂ አይነሳም። ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ በአስተርጓሚ ይነሳ ነበር፤ በ2024 ቀረ። ኤፔክስ ሌጀንድስም ፈቅዶ ቆይቶ በ2024 መጨረሻ በሩን ዘጋ፤ ምክንያቱ አጭበርባሪ በዛ የሚል ነው። ልጆቻችን አሁንም «ፊፋ» የሚሉት ኢኤ ኤፍሲም በኮምፒውተር ላይ አይሆንም። በካውንተር ስትራይክም ቢሆን ፌስኢት በሚባለው የውድድር መድረክ ላይ በፀረ ቺቱ (አጭበርባሪ በሚይዘው ፕሮግራሙ) መጫወት የፈለገ ሰው ዊንዶውስ ግድ ይለዋል።

ምክንያቱ ጌሙ አይደለም፣ ፀረ ቺቱ ነው። እንደ ዘበኛ አስቡት። ድሮ ዘበኛ በር ላይ ይቆም ነበር። የዛሬዎቹ አንዳንዶቹ «መኝታ ቤታችሁ ውስጥ ካልተኛሁ፣ የሣጥናችሁን ቁልፍ ካልያዝኩ አልጠብቅም» ይላሉ። በኮምፒውተር ቋንቋ መኝታ ቤቱ ከርነል ይባላል፤ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ማለት ነው። በዊንዶውስ ይገባሉ። በሊኑክስ ግን ከርነሉ ክፍት ነው፤ ባለቤቱ እንዳሻው ቀይሮ ሊሠራው ይችላል። ስለዚህ ዘበኛው «የማላውቀው ቤት ነው» ይላል። ሥጋቱ ከንቱ ነው አልልም። በሊኑክስም የሚያጭበረብር አለ። ግን መኝታ ቤት የገባ ዘበኛ ከተሳሳተ ቤቱ ነው የሚወድቀው። በጁላይ 2024 ክራውድስትራይክ የሚባለው የደህንነት ድርጅት አንድ የተበላሸ ማሻሻያ ለቆ 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች በሰማያዊ ስክሪን ተዘርረው ነበር። አየር መንገዶች ቆሙ፣ ሆስፒታሎች ቆሙ። ያ ፀረ ቺት አልነበረም፤ የገባበት ክፍል ግን አንድ ነው።

ሁሉም ዘበኛ እንደዚያ አይደለም። ኢዚ አንቲ ቺትና ባትልአይ የሚባሉት ከ2021 ጀምሮ ከፕሮቶን ጋር መሥራት ይችላሉ፤ የጌሙ ባለቤት እሺ ካለ። እሺ ያሉ አሉ፣ እምቢ ያሉ አሉ። እምቢ ያለውን እኔም እናንተም አንለውጠውም። ቫሎራንት ልታወዳድሩ ከሆነ «ዊንዶውስ ግዴታ ነው» በሉ፣ አልከራከርም። ኢኤ ኤፍሲ ከሆነ እኔ ራሴ ደንበኛውን ወደ ፕሌይስቴሽኑ ነው የምልከው። (በነገራችን ላይ የፕሌይስቴሽን 4 ሆድ ዕቃ የተሠራው ፍሪቢኤስዲ ከሚባል ክፍት ሥርዓት ነው። ማንም ዳኛ ጎንበስ ብሎ «ይሄ ዊንዶውስ ነው?» ሲል አላየሁም። በየሰፈሩ ፐብጂ ሞባይል የሚጫወተውም ልጅ ስልኩ አንድሮይድ ከሆነ የሚጫወተው በሊኑክስ ከርነል ላይ ነው። ሊኑክስ እኮ ኪሳችን ከገባ ቆየ።)

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህችን ብቻ ነው፦ ደንቡ ጌሙን ይከተል። ቃሉን ካልጠላችሁት እኔ እንዲህ ጽፌዋለሁ።

«ተወዳዳሪው ካውንተር ስትራይክ 2ን ያለ ችግር የሚያስነሳ ኮምፒውተር ይዞ ይቀርባል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጌሙ በይፋ ከሚሠራባቸው አንዱ ይሁን። ኮምፒውተሩ ከውድድሩ አንድ ቀን በፊት በአዘጋጆቹ ይፈተሻል።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ለሊኑክስ ብቻ አይደለችም። በዚያው ውድድር ላይ ሁለት የዊንዶውስ ልጆች ጌሙ ማሻሻያ እያወረደባቸው የመጀመሪያ ግጥሚያቸው አልፏቸዋል። ከአንድ ቀን በፊት ቢፈተሽ አይሆንም ነበር። ስቲም ደግሞ ጌሙን ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው በአዳራሹ ኬብል ማስተላለፍ ይችላል። አንዱ ሌሊት ካወረደ ለሌሎቹ ይበቃል፤ የዳታ ብር አይቃጠልም። እኔ ቤት የምሠራው እንደዚያ ነው።

«ቢያጭበረብሩስ?» ትሉኝ ይሆናል። ቫልቭ የራሱ ፀረ ቺት አለው፤ ሊኑክስ ላይም ይሠራል። ፍጹም ነው ወይ? አይደለም፤ ዊንዶውስም ላይ ፍጹም አይደለም። በአዳራሽ ውድድር ግን ከኋላ የቆመ ዳኛን የሚያህል ፀረ ቺት የለም። የእኛው ዳኛ እኮ ተርሚናሏን ያያት በሦስት ሰከንድ ውስጥ ነው! ዓይኑ ጥሩ ነው። የጎደለው የሚያየውን ነገር የሚነግረው ሰው ብቻ ነው። ለዳኞች የአንድ ከሰዓት ስልጠና ካሰባችሁ እኔ በነጻ እመጣለሁ።

ሌላም ሐሳብ አለኝ፤ ይሄኛው ለትምህርት ቤት ውድድር ነው። ሙሉ በሙሉ ክፍት የሆኑ ጌሞች አሉ። ሱፐርተክስካርት የመኪና እሽቅድምድም ነው፤ ዞኖቲክ ፈጣን የተኩስ ጌም ነው፤ ዜሮ ኤዲ የጥንት መንግሥታት ጦርነት ነው። በመጨረሻው ላይ የኩሽን መንግሥት መርጣችሁ መጫወት ትችላላችሁ፤ ፒራሚዱ ሳይቀር አለ። ልጆቼ ከሮም ይልቅ ኩሽን ነው የሚሻሙት። ሦስቱም በዊንዶውስም በሊኑክስም ይነሳሉ፣ አይገዙም፣ አካውንት አይጠይቁም። ከሁሉ በላይ ኢንተርኔት ሳይኖር ኮምፒውተሮችን በሚያገናኝ አንድ ስዊችና በጥቂት ኬብል ይወዳደሩባቸዋል። ኔትወርክ ሄደ ተብሎ ፍጻሜው ለሚቀጥለው ሳምንት የተላለፈበትን ውድድር ሁላችንም እናስታውሳለን። ለዚህ የሚሆን ኮምፒውተርም ከተማው አያጣም። በየትምህርት ቤቱና በየቢሮው ጥግ «ዊንዶውስ 11 አይጭንም» ተብለው አቧራ የሚጠጡት ቢያንስ ለመኪናው እሽቅድምድም አያንሱም።

አላምንህም የሚል ካለ ደስ ይለኛል። ቅዳሜ ጠዋት ጌም ቤቴ ገበያ የለውም፤ ልጆቹ የሚመጡት ከምሳ በኋላ ነው። ጎን ለጎን ሁለት ኮምፒውተር አዘጋጃለሁ፤ አንዱ ዊንዶውስ፣ አንዱ ሊኑክስ። ስክሪኑን በካርቶን እሸፍንና ጌሙ ሲከፈት ብቻ እገልጠዋለሁ። ተጫወቱ፣ ከዚያ የትኛው የትኛው እንደሆነ ንገሩኝ። የሳተ ቡና ይገዛል። ዳኛውንም ይዛችሁት ኑ፤ በሳቄ ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። የእህቴ ልጅም ይኖራል፤ ያቺን የሄርዝ ማስተካከያ መስመር አንድ በአንድ ሊያሳየው ቃል ገብቶልኛል።

ከአክብሮት ጋር

የአንዲት ጌም ቤት ባለቤት
ፒያሳ፣ ሐዋሳ